4,000 ብር አዳማ ላይ ምን ዓይነት ቤት ያስገኛል?

በወር 4,000 ብር የተከራየኋትን ክፍል ወድጃታለሁ። ደላላውን አልወደድኩትም። ኪራዩ ለእኔ ደሞዝ ከባድ ነው፤ ግን አዳማ ላይ በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ለቸኮለ ሰው ግምገማዬ ይኸው ነው። ቤት ፍለጋ ላይ ያላችሁ ግን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። አዳማ ላይ ቤት ስታዩ “ስንት ነው?” ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ጣሪያው፣ ውኃው፣ ቆጣሪውና ውሉ ኪስ የሚነኩት ከገባችሁ በኋላ ነው።

የአሰላ ልጅ ነኝ። አዳማ የገባሁት አንድ መሥሪያ ቤት በጀማሪ የሒሳብ ባለሙያነት ተቀጥሬ ነው። ታናሽ እህቴም ከእኔ ጋር ናት፤ አሥረኛ ክፍል ትማራለች። ስለዚህ የፈለግነው ለሁለት ሴቶች የሚሆን፣ ግቢው የሚዘጋ፣ ማታ ቁጭ ብላ የምታጠናበት ቦታ ያለው አንድ ክፍል ነበር። ሌላ ቅንጦት አላማረንም።

ሒሳቡን በግልጽ ላስቀምጠው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ገንዘብ ግን እንዳለ እጅ አይገባም። የገቢ ግብሩ 2,100 ብር ይወስዳል። ጡረታው 7 በመቶ ነው፤ 805 ብር። የሚተርፈው 8,595 ብር ነው። ከዚህ ላይ 4,000 ለቤት ሲከፈል ግማሽ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም። በቀረው ሁለት ሰው ይበላል፣ ይለብሳል፣ ደብተር ይገዛል፣ ለእናት ይላካል። ቤት የምመርጠው በዚህ አቅም ነው፤ ብዙዎቻችሁም እንደዚያው ናችሁ ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ደላላው። ስሙን አልጠራም፤ ችግሩም የእሱ ብቻ አይደለም። ስልክ ስደውልለት ወዲያው አነሳ፤ ይሄ ጥሩ ነው። በቴሌግራም ፎቶ ላከ። “እህቴ፣ ቤቱ 3,500 ነው፤ ፍጠኚ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው” አለኝ። ከመሄዳችን በፊት የማሳያ 200 ብር ጠየቀ። ፎቶ ላይ ያየሁት ቤትና በእግራችን ሄደን ያየሁት ቤት አንድ አልነበሩም። “ያኛው ትናንት ተያዘ” አለ። ይህን ከጓደኞቼም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ፎቶው ሰው መሳቢያ ነው፤ ቤቱ ከተያዘ ቆይቷል።

ጥሩ ጎኑንም ልናገር። ሰፈሩን በደንብ ያውቀዋል። የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለው፣ የቷ አከራይ ሰው እንደማትወድ፣ የት ውኃ እንደሚጠፋ ያውቃል። ብቻዬን ብዞር ይህን ሁሉ በወራትም አላውቀው። ለዚህ ለዚህ ሊከፈለው ይገባል።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ክፍሏን ያየናት ቀን ዋጋዋ 4,000 ሆነ። 3,500 ብሎኝ አልነበር? ዝም አለ። ከገባን በኋላ አከራያችን እማማ ቡና አፍልተው ጠርተውን ነበር። በጨዋታ መሀል እንዲህ አሉኝ። “ልጄ፣ ከእናንተ በፊት የነበረችው 3,000 ነበር የምትከፍለው። እሱ ነው ደሞዝ ተጨምሯል፣ ገበያው 4,000 ገብቷል፣ ሞኝ አይሁኑ ያለኝ።” ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ደላላው የሚከፈለው ከኪራዩ ተሰልቶ ነው። ኪራዩ በጨመረ ቁጥር የእሱም ድርሻ ይጨምራል። ከእኔም ከእሳቸውም ወስዷል። ለእኔ የሚፈልግልኝ ሰው የቀጠርኩ መስሎኝ ነበር፤ ደላላን ግን ዋጋ ለማውረድ የሚያነሳሳው ምንም ምክንያት የለም። ከእኔ የአንድ ወር ኪራይ ግማሽ ጠይቆ፣ ተከራክሬ በ1,000 ብር ተስማማን። ምክሬ አጭር ነው፦ ዋጋውን ከአከራዩ አፍ ስሙ። ቀድሞ የነበረው ተከራይ ስንት ይከፍል እንደነበርም ጎረቤት ጠይቁ። ማፈር የለም።

በአከራዮች ላይ ብቻ አልፈርድም። እማማ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በእነዚህ ክፍሎች ኪራይ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ ዘይቱም ቆርቆሮውም ቀለሙም ዋጋው ሌላ ሆኗል። የእሳቸውም ጓዳ እንደ እኔው ጎድሏል። ቢሆንም ከ3,000 ወደ 4,000 በአንድ ጊዜ መዝለል ከዘይት ዋጋ ጋር አይያያዝም። “ገበያው ነው” የሚባለውን ማን እንደሚያወራው ማወቅ ጥሩ ነው።

ክፍሏን እንያት። በአሰላ መውጫ በኩል ናት። ስፋቷ ሦስት በአራት ሜትር ቢሆን ነው። ብሎኬት ናት፣ ወለሏ ሴራሚክ። የብረት በር፣ አንድ መስኮት። አንድ አልጋ፣ የእህቴ ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥን እና የቡታጋዝ ማስቀመጫ ገብቶባት እግር ማስኬጃ ይተርፋል። ሽንት ቤቱና መታጠቢያው የጋራ ነው፤ ለአራት ቤተሰብ። በየተራ እናጸዳለን። ተራው በር ላይ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ማንም አያልፈውም። ይህን ሥርዓት ያስያዙት እማማ ናቸው፣ ሊመሰገኑ ይገባል።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ኮርኒሱን ነው። አዳማን የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመው ይሆናል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። በተለይ ከየካቲት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት ያደክማል። ከዚህ በፊት በ3,200 ያየናት ክፍል ነበረች። ርካሽ፣ ሰፋ ያለች፣ ለአስፋልት የቀረበች። ግን ቆርቆሮዋ ራቁቱን ነው። ስምንት ሰዓት አካባቢ ነበር የገባነው፤ እህቴ ደቂቃ ሳትቆይ ወጣች። እዚያ ውስጥ ልጅ አያጠናም። ወተትም ወጥም አያድርም፤ ፍሪጅ መግዛት ግድ ይላል። ፍሪጅ ሲመጣ ደግሞ የመብራት ይጨመራል። ከኪራዩ የተረፈው 800 ብር በሁለት ወር ተመልሶ ሄደ ማለት ነው።

ነፋሱም አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የአዳማ አንድና ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በአንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያንን ሁሉ ተርባይን የሚያሽከረክር ነፋስ በግድግዳና በቆርቆሮ መሀል ክፍተት ካገኘ ቤቱን አቧራ በአቧራ ያደርገዋል። ስለዚህ ቤት ስታዩ ቀና በሉ። ኮርኒስ አለ? ጥጉ ተደፍኗል? መስኮቱ ሲዘጋ ይገጥማል? እኛ ክፍል ሦስቱም አለ። ጠዋት ጠርገን ወጥተን ማታ ስንመለስ ጠረጴዛው ላይ በጣት ስም የሚጻፍበት አቧራ አይጠብቀንም።

ውኃውን በተመለከተ ጥሩም መጥፎም አለኝ። የከተማው የቧንቧ ውኃ በዋናነት ከአዋሽ ተስቦና ተጣርቶ የሚመጣ ነው። እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚለቀቀው። ግቢው ውስጥ ሮቶ ስላለ ውኃ በመጣ ሌሊት ይሞላል፤ ለቀናት እንቆይበታለን። ሮቶው ሲያልቅ ጀሪካን ይዞ መውጣት ነው። እህቴ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ጀሪካን የምትሸከምበት ጠዋት አለ፤ ያ ቀን ደስ አይለኝም። ለውኃ በሰው እየተቆጠረ 100 ብር እንከፍላለን፤ ሁለት ስለሆንን 200።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። “እኛ ጋ ውኃ አይጠፋም፣ የጉድጓድ ነው” ወይም “በቦቴ እናስመጣለን” የሚል አከራይ ካገኛችሁ፣ ውኃው ከየት እንደሆነ ጠይቁ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። ወንጂ አካባቢ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ የሆነው በዚሁ ነው። ከመጠን ሲያልፍና ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል። ለልብስ ይሁን፤ ለመጠጥ በተለይ ጥርሳቸው ገና እየወጣ ላሉ ልጆች ግን አይሁን። የኪራይ ዋጋ ሲነገራችሁ የመጠጥ ውኃ የምትገዙበትን ደምሩበት።

ቆጣሪው ጋ ስመጣ ሙያዬ ረድቶኛል። ስንገባ አንድ ቆጣሪ ለአምስት ቤት ነበር፤ እማማንም ጨምሮ። የሚከፈለው በግምት ነው። አምፖል ይህን ያህል፣ ፍሪጅ ያለው ይህን ያህል፣ ምጣድ ቅዳሜ ብቻ። እኔ ፍሪጅ የለኝም፣ እንጀራ ገዝተን ነው የምንበላው። ግን ከፍሪጁ ባለቤት ብዙም ያልተለየ ስከፍል ቆየሁ። ሌላም ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በጣም ርካሽ ናቸው፤ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ዋጋ እየተወደደ ይሄዳል። አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ተደማምሮ ውድ የሆነው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ለየብቻቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ግን እያንዳንዱ ቤት በርካሹ ደረጃ ላይ ይቆይ ነበር። ማለትም ትንሽ የሚጠቀመው ተከራይ በሌላው ፍጆታ ምክንያት ውድ መብራት ይገዛል። መንግሥት ለድሃ ብሎ ያስቀመጠው ርካሽ ደረጃ ለተከራይ አይደርስም። ይህ ነገር ለምን እንደማይወራ አይገባኝም።

ለእማማ የመብራት ቢሉን አስቀምጬ ሒሳቡን በወረቀት አሳየኋቸው። አልተቆጡም። “እኔስ ሁሌ ለምን እንደሚበዛብኝ ግራ ይገባኝ ነበር” አሉ። አሁን በየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ተገጥሟል፤ ዕቃውን ተከራዮች በየግላችን ገዛን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን እሳቸው ከፈሉ። ታሪፉን አያስተካክለውም፤ ቢያንስ ግን ሁሉም የተጠቀመበትን ይከፍላል። የእኔ የመብራት ክፍያ ከግማሽ በታች ወረደ። ቤት ስታዩ ይህን ጠይቁ። ቆጣሪ ከሌለ በራሳችሁ ወጪ ልትገጥሙ እንደምትችሉ ተነጋገሩ።

ትራንስፖርት። ፖስታ ቤት አካባቢ ያየነው ተመሳሳይ ክፍል 5,500 ነበር፤ ልዩነቱ 1,500። እኔ ጠዋትና ማታ በባጃጅ 15፣ 15 ብር እከፍላለሁ። በሥራ ቀናት ሲባዛ 660 ብር አካባቢ ነው። እህቴ በእግሯ ትሄዳለች። ስለዚህ ከመሀል ከተማ መራቁ አሁንም ያዋጣኛል። አምሽቶ የሚሠራ ሰው ግን ሒሳቡ ይለወጥበታል፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ኮንትራት ባጃጅ እንጂ ሌላ የለም። ማታ የምትሠሩ፣ በተለይ ሆቴል ያላችሁ ልጆች፣ መሀል ከተማ በጋራ ተከራዩ።

መሀል ከተማ ለምን ተወደደ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እንደማየው ይሄ ነው። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የፍጥነት መንገዱ በ2007 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በጣም ቀርባለች። ለአሠልጣኝና ለሠልጣኝ አልጋ ይፈለጋል። ግቢ ያለው ሰው በወር ከሚያከራይ በቀን ቢያከራይ ይሻለዋል። ድሮ ተከራይ የሚኖርባቸው ግቢዎች ፔንሲዮን እየሆኑ ነው። በ2011 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ክፍል ፈላጊ ወጣቶችን አምጥቷል። ሰዉ መጣ፤ ቤቱ ግን በዚያ ልክ አልተሠራም።

ኮንዶሚኒየምም አይተናል። ስቱዲዮ 7,500 አሉን። የራስ ሽንት ቤት አለው፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ውኃው እዚያ አይደርስም። አለፍነው። የቀበሌ ቤት የሚባለውን እንዲያው ስለሰማችሁ አትመኙት። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱት ትርፍ ቤቶች ናቸው፤ ኪራያቸው እስከ ዛሬ ከገበያው ጋር አይገናኝም፣ ያገኘ ሰውም አይለቅም። ለእንደኔ ዓይነቱ አዲስ መጪ የሉም ማለት ይቻላል።

አሁን ውሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ደላላችን የስድስት ወር ቅድሚያ አዘጋጁ ብሎን ነበር፤ 24,000 ብር። ማን አለው? አዋጁን ሳነሳበት “እህቴ፣ ሕግ የምታወሪ ከሆነ አዳማ ላይ ቤት አታገኚም” አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሌሎች ሁለት አከራዮች ጋ ይህንኑ አንስቼ በሩ ተዘግቶብኛል። እማማ ግን ልጃቸውን ጠርተው አስነበቡት። የሁለት ወር ተቀበሉኝ። የሁለት ዓመቱን ግን ፈሩ። “ልጄ፣ ነገ ኑሮ ምን እንደሚሆን በምን አውቃለሁ?” አሉ። በብዙ ንግግር ሁለት ዓመት ብለን ፈረምን፤ ኪራዩን በባንክ ነው የማስገባው፣ ደረሰኙን አስቀምጣለሁ። እናንተም በጥሬ ገንዘብ አትክፈሉ። ክርክር ቢመጣ እጃችሁ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ፍለጋው ላይ ያየሁት አንድ ነገር አሁንም ከውስጤ አልወጣም። አንድ ግቢ ስንደርስ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ቆማ ነበር። ገንዘቡን ይዛለች፣ ዋጋ አልተከራከረችም። አከራዩ “ልጅ ያለው አናስገባም” አሉና እኛን አስገቡ። ሕፃን ያለቅሳል፣ ውኃ ይጨርሳል፣ ግድግዳ ይጽፋል ይላሉ። ያንን ቤት ጥሩ ቢሆንም አልወሰድነውም። እነዚህ እናቶች የሚገቡት እኛ ሙቀቱን መቋቋም አቅቶን ጥለን የወጣነው ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ነው። አከራዮች፣ እባካችሁ። ልጅ ያላት ሴት ቤት ለመቀየር ስለማትቸኩል ከላጤ ይልቅ ረግታ ትኖራለች፤ ለእናንተም ይሻላል።

እማማ ሕፃን ያስገባሉ። የግቢው በር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይቆለፋል፤ ካመሸህ መደወል ነው፣ ተነስተው ይከፍታሉ፣ ጠዋት ግን ሳይናገሩህ አይቀሩም። እንግዳ ማደር ይቻላል፣ አስቀድሞ ከተነገራቸው። ሙዚቃ ጮክ አድርጎ መክፈት የለም። ለእኔና ለእህቴ ይህ ሁሉ ተስማምቶናል። ለተማሪ፣ ለጀማሪ ሠራተኛ፣ ለአዲስ ተጋቢዎች ይሆናል። ዕቃ የበዛበት ሰው አይሞክራት፤ አትይዘውም። መኪና ማቆሚያም የለም።

ጎረቤታችን በሚቀጥለው ወር ወደ ሞጆ ትዛወራለች። ክፍሏ ከእኛዋ በትንሹ ሰፋ ትላለች፤ ኮርኒስ አላት፣ ቆጣሪ አላት። እማማ 4,500 ሊሉ አስበው ነበር፤ ያለ ደላላ ከመጣ ሰው 4,000 እንደሚቀበሉ ነግረውኛል።